ምዕራፍ 7፦ ጎማ የሚገዛው ለመንገዱ ነው

ጎማ ሻጭ ደጃፍ የቆመ ባለፒካፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ዋጋው ስንት እንደሆነና ጥርሱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ። ሻጩም የተጠየቀውን ይመልሳል። «መኪናዎ ምን ትጭናለች? በሳምንት ስንት ቀን ከአስፋልት ትወጣለች? ቆላ ትወርዳለች ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠመዎ ደንበኛው ይሁኑ። ካላጋጠመዎ ጥያቄዎቹን ራስዎ ይዘው መሄድ ይኖርብዎታል። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ለዚሁ ነው።

ከሁለት ቶን በላይ የምትመዝን መኪና መሬት የምትነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቦታ ከተዘረጋ የጎልማሳ እጅ እምብዛም አይሰፋም። ፍሬን ሲይዙ መኪናዋ የምትቆመው፣ መሪ ሲያዞሩ የምትታዘዘው፣ ከኋላ የተቀመጡትን ልጆችና የተጫነውን እህል የምትሸከመው በእነዚህ አራት መዳፎች ነው።

በመጀመሪያ በሩን ይክፈቱ

በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። መኪናዋን የሠሩት መሐንዲሶች የመረጡት የጎማ ልክና የንፋስ መጠን እዚያ ላይ ሰፍሯል። ወረቀቷ ተላጥ​ታ ከሆነ በመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይፈልጉት። አሁን የተገጠመውን አይቶ ያንኑ መግዛት አያስተማምንም፤ ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት ተሳስቶ ገጥሞ ሊሆን ይችላል።

በብዙ ሃይሉክሶች ላይ የሚገኘውን «265/65 አር 17፣ 112 ኤስ» እንውሰድ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የግድግዳው ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ይናገራል፤ ወደ 172 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። «አር» ጎማው ራዲያል መሆኑን፣ 17 ደግሞ ጎማው የሚገባበትን ቸርኬ በኢንች ያመለክታል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማንበብ ያቆማል። ዋናው ነገር ያለው ግን ቀጥሎ ነው። 112 የመሸከም አቅም መለያ ሲሆን አንዱ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። መለያው 104 ቢሆን አቅሙ 900 ኪሎ፣ 120 ቢሆን 1,400 ኪሎ ይሆናል። «ኤስ» የፍጥነት ጣሪያ ነው፤ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር። ባለ 112ን በባለ 104 የለወጠ ሰው ከእያንዳንዱ ጎማ 220 ኪሎ፣ ከአራቱ 880 ኪሎ አቅም አጥቷል። ሁለቱን ጎማዎች ጎን ለጎን ቢያቆማቸው ግን ልዩነቱ በዓይን አይታየውም። ስለዚህ ከመኪናዋ መለያ ከፍ ማለት ይቻላል፣ ዝቅ ማለት ግን በምንም ዋጋ አይገባም።

የአራቱን ጎማ አቅም ደምሮ «4,480 ኪሎ ትችላለች» ማለትም ስሕተት ነው። ፒካፕ ላይ አብዛኛው ጭነት የሚያርፈው ከኋላ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ደግሞ አንዱ ጎማ ለቅጽበት የሌላውን ድርሻ ይሸከማል። ትርፉ አቅም የተቀመጠው ለዚያች ቅጽበት ነው።

በየቀኑ ሲሚንቶና እህል የሚያመላልስ ፒካፕ «ኤል ቲ» የተባለውን ወይም ከልኩ መጨረሻ «ሲ» የተጻፈበትን ወፍራም የጭነት ጎማ ይፈልጋል። ይህ ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ ንፋስ እንደሚጠይቅ አይርሱ። ቤተሰብ ብቻ ለምታመላልስ መኪና ግን ትርፉ የሚቆረቁር ጉዞና ተጨማሪ ነዳጅ ነው።

ንፋስና ሙቀት

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2000 ጎማ አምራቹ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎቹን ከገበያ እንደሚሰበስብ አስታወቀ። አብዛኞቹ የተገጠሙት ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለችው መኪና ላይ ነበር። በሙቀትና በፍጥነት ሲነዱ የጎማው የላይኛው ሽፋን ከውስጡ የብረት ክር ይላቀቅና መኪናዋ ትገለበጥ ነበር። በአሜሪካ ብቻ ከ200 በላይ ሰዎች በዚሁ ምክንያት ሞተዋል። ፎርድ ጎማውን፣ ፋየርስቶን መኪናዋን ወቀሱ። የመንግሥት ምርመራ የጎማው አሠራር ጉድለት እንዳለበት አረጋገጠ። ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ ንፋሱ ነበር፤ ፎርድ ያዘዘው 26 ፒኤስአይ ሲሆን ፋየርስቶን 30 ይሁን ይል ነበር።

የንፋስ ማነስ ጎማን የሚጎዳበትን ምክንያት ለመረዳት ቀጭን ሽቦ ወዲያና ወዲህ ማጠፍ ይበቃል፤ እጥፋቱ ላይ ይግላል። ንፋስ ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ግድግዳው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ጭነት ሲጨመርበት እጥፋቱ ይበዛል፣ ፍጥነት ሲጨመርበት ይደጋገማል። ሙቀቱም ላስቲኩን ከብረቱ ያጣበቀውን ያላላል።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዋሽና በሚሌ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሾፌር ሌላም ነገር ይገጥመዋል። የንፋስ መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወደ ባሕር ሲወርዱ የውጭው አየር ይከብዳል፤ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ የመለኪያው ቁጥር ከ3 ፒኤስአይ በላይ ይቀንስ ነበር። የቆላው ሙቀት ደግሞ ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ የጋለ ጎማ ለክተው «በዝቷል» ብለው ንፋስ አያስተንፍሱ። ቆላ አድረው ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነሳ ይለኩ። በሩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም የቀዘቀዘ ጎማ ልክ ነው።

ጥርሱን መንገድዎ ይምረጠው

ጥርስ በሦስት ይከፈላል። «ኤች ቲ» የሚባለው ለአስፋልት፣ «ኤ ቲ» ለአስፋልትና ለኮረኮንች፣ «ኤም ቲ» ለጭቃ ነው። በክረምት የዋልካ መሬት የሚያርሱ ገበሬዎችን ለማግኘት የሚሄድ የግብርና ባለሙያ «ኤም ቲ» ቢገዛ ልክ ነው። ዋልካ ትንንሽ ጥርሶች መካከል ገብቶ ይሞላቸዋል፣ ጎማውም እንደ ተላጨ ይንሸራተታል። የጭቃ ጎማ ሰፊ ክፍተቶች ግን እየተሽከረከሩ ጭቃውን አራግፈው ይጥሉታል።

ያው ክፍተት አስፋልት ላይ ጉዳት ይሆናል። ክፍተቱ በሰፋ መጠን መሬት የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ መኪናዋ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ትፈልጋለች፣ ጎማው ይጮኻል፣ ነዳጅም ይበላል። ከአዲስ አበባ አዳማ፣ ከአዳማ ሐዋሳ ብቻ ለሚመላለስ ሰው «ኤች ቲ» ይበቃዋል። ሳምንቱን ግማሽ በኮረኮንች ለሚያሳልፍ «ኤ ቲ» ይሻለዋል፤ ግድግዳው ጠንካራ የሆነውን ይምረጥ። ጥርሱ ላይ የገባ ሚስማርን ጎሚስታ ይጠግነዋል፣ ስለታም ድንጋይ የቀደደው ግድግዳ ግን አይጠገንም።

«ትንሽ ከፍ ይበል»

መኪናዋን ከፍ ለማድረግ 265/65ን በ265/70 የሚለውጡ አሉ። ስሌቱ ቀላል ነው። የጎማው ቁመት ከዳር እስከ ዳር ከ776 ወደ 803 ሚሊ ሜትር ያድጋል። መኪናዋ ከመሬት የምትነሳው ግን የጭማሪውን ግማሽ ነው፤ 13 ሚሊ ሜትር። በለውጡ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል በእውነቱ 103 ይነዳሉ፣ መሪው ሙሉ ሲጠመዘዝም ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል። ለአንድ ጣት ውፍረት ላልደረሰ ከፍታ ይህን ሁሉ መክፈል ያስፈልግ እንደሆነ ያስቡበት።

ጎማም ዕድሜ አለው

ግድግዳው ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል። አንድም ቀን ሳይነዳ መጋዘን ውስጥ የኖረ ጎማም ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ብዙ የመኪና አምራቾች ከ6 ዓመት በኋላ እንዲለወጥ ይመክራሉ። ይህ ስኮርት ጎማውንም ይመለከታል።

መኪናዋ ፎር ዊል ከሆነች አራቱን በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ይለውጡ። ያለቀ ጎማ ዙሪያው ከአዲሱ ስለሚያንስ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፤ የማያቋርጠው ልዩነትም ዲፈረንሻሉን ይጎዳዋል።

አሁን ወደ ጎማ ሻጩ ደጃፍ እንመለስ። በሩን ከፍተው አንብበዋል፣ ጭነትዎን አስበዋል፣ መንገድዎን ቆጥረዋል። የሚጠይቁት ስለዋጋና ስለጥርስ ብቻ አይሆንም፤ እንዲህ ይላሉ፦ «265/65 አር 17፣ መለያው ከ112 የማያንስ፣ ኤ ቲ፣ ከአምና ወዲህ የተመረተ፣ አራቱም አንድ ዓይነት።» ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ ይነጋገሩ።