የቲቢ መድኃኒት፣ ጉበታችሁ እና ቺፕ ላይ የተሠራው ጉበት



ከዱራሜ አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ የቲቢ መድኃኒት ጉበት ይጎዳል አሉኝ። ለሰው ከመስጠታቸው በፊት አይሞክሩትም እንዴ?»

ይሞክሩታል። ግን መጀመሪያ የሚሞከረው እንስሳት ላይ ነው፤ የእንስሳ ጉበት ደግሞ ሁሌም እንደኛ አይሠራም። በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፊያሉሪዲን የተባለ የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት የእንስሳት ሙከራውን አልፎ ለ15 ታማሚዎች ተሰጠ። የ7ቱ ጉበት ሥራ አቆመ፤ 5ቱ ሞቱ።

🔬 አሁን «ኦርጋን ኦን ቺፕ» የሚባል ነገር መጥቷል። ፍላሽ የምታክል ግልጽ ፕላስቲክ ናት። ውስጧ ባሉት ቀጫጭን ቦዮች የሰው የጉበት ሴሎች ይቀመጡና እንደ ደም የሚዘዋወር ፈሳሽ ያልፍባቸዋል። መድኃኒቱ ሲጨመር ሴሎቹ መጎዳታቸው እዚያው ይታያል። በ2022 በታተመ ጥናት 27 መድኃኒቶች በ870 ቺፖች ተፈትነው፣ ጉበት ከሚጎዱት 87 በመቶው ተለይቷል።

ግን ቺፑ ላይ ያለው የማን ጉበት ነው? የጥቂት ለጋሾች። የካሮሊንስካዋ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ ያሉበት ቡድን ቲቢና ኤችአይቪ ባለባቸው ኢትዮጵያውያን ላይ ባደረገው ጥናት፣ በመድኃኒት የሚመጣው የጉበት ጉዳት ከዘረመል ልዩነት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። አንድ ዓይነት ኪኒን ለእኔና ለእናንተ እኩል ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የመጨረሻው ማንቂያ ደወል እናንተው ናችሁ። ሆሳዕና ላይ ያከምኩት አንድ ወጣት ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ፣ የቲቢ ኪኒኑን እየዋጠ ሥር ሲጠጣ ሰነበተ። ሲመጣ ጉበቱ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። መድኃኒቱን አቆምን፤ ሲያገግም አንድ በአንድ መልሰን ጀመርንለት። ዳነ፤ ግን ለጥቂት ነው የተረፈው።

🔴 የቲቢ መድኃኒት እየወሰዳችሁ፦
✔️ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ካስመለሳችሁ
✔️ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ካመማችሁ
✔️ ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረ
✔️ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ
ቀጣዩን ኪኒን ከመዋጣችሁ በፊት፣ በዚያው ቀን መድኃኒቱን ወደምትወስዱበት ጤና ተቋም ሂዱ። የጠጣችሁት ሥር ካለ ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ማንም አይቆጣችሁም።

🟠 ሽንት ብርቱካናማ መሆኑ ብቻውን አያስፈራም፤ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው።

ምልክት ሳይኖር ግን ፈርታችሁ እንዳታቋርጡ! ብዙ ሰው ምንም ሳይሆን ይጨርሰዋል፤ ያልታከመ ቲቢ ግን ይገድላል።

ኪኒን የጀመረ ዘመድ ካላችሁ ዛሬውኑ አጋሩት።