ሙቀቱ የክፍሉ ነው ወይስ የመሣሪያው?
የኮምፒዩተርን ሙቀትና የማራገቢያ ፍጥነት ስለ መከታተል

እንደሚታወቀው በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት፣ በደማም፣ በዳህራንና በኮበር የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ለጥናታችን የምንገለገልበት ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ፣ አልፎ አልፎም በመዋጮ የተገኘ ነው። ስለሆነም አንድ መሣሪያ ሲበላሽ የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ ይቋረጣል፤ ለአገር ቤት ሊላክ የታሰበው ገንዘብም ለጥገና ይውላል። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም በራሳችን ላይ የደረሰ ጉዳይ ነው።

በአንድ የሐምሌ ወር፣ አራት ሆነን የምንጠቀምበት የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲበዛበት ይንቀራፈፍና ድንገት ይጠፋ ጀመር። ማታ ማታ ግን ደህና ይሠራል። ከመካከላችን አንዱ የመመረቂያ ሥራውን ለማስረከብ የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። አንድ ጠጋኝ ዘንድ ብንወስደው “ፕሮሰሰሩ አልቆለታል፣ አዲስ ግዙ” አለን። ገንዘቡን ማሰባሰብ ከጀመርን በኋላ አንዱ ጓደኛችን “ለመሆኑ ምን ያህል እንደሚሞቅ ለክተን እናውቃለን?” ሲል ጠየቀ። አናውቅም ነበር። ትኩሳት ሳይለካ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ሆነን ነበር ማለት ነው።

ሙቀቱ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?

ኮምፒዩተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። 200 ዋት የሚወስድ መሣሪያ ያለበትን ክፍል በ200 ዋት ያሞቃል። ይህ ሕግ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ነዳጅ በተገኘበት ጉድጓድ ስም የተሰየመውና እ.ኤ.አ. በ2021 በዳህራን ይፋ የሆነው “ደማም 7” የተባለው ግዙፍ ኮምፒዩተርም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

በእኛ መሣሪያ ውስጥ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ይነሣና በስሱ የተቀባውን ቅባት አልፎ በላዩ ወደ ተጫነው ባለ ክንፍ አሉሚኒየም ይሄዳል። ከዚያ አየር ይቀበለዋል፤ ማራገቢያውም አየሩን ገፍቶ ያስወጣዋል። እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነጥብ መጨበጥ ያስፈልጋል። ማራገቢያ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ሙቀትን ወደ ክፍሉ አየር ያሻግራል እንጂ። ስለዚህ በማራገቢያ ብቻ የሚቀዘቅዝ ፕሮሰሰር ካለበት ክፍል በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም።

መለኪያዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

በፕሮሰሰሩ ውስጥ ዳዮድ የሚባል ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል አለ። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር በዳዮዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ በ2 ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። መሣሪያው ይህን ለውጥ ወደ ዲግሪ ይተረጉመዋል።

ማራገቢያው ደግሞ ፍጥነቱን በራሱ ሽቦ ይናገራል። ባለ አራት ሽቦ ከሆነ አንዱ መሬት ነው፤ ሁለተኛው 12 ቮልት ያመጣል፤ ሦስተኛው ፍጥነትን ይነግራል፤ አራተኛው ከማዘርቦርዱ የሚመጣውን “ፍጠን” ወይም “ቀስ በል” የሚል ትእዛዝ ይቀበላል። ሦስተኛው ሽቦ በአብዛኛው በአንድ ዙር ሁለት ምት ይሰጣል። በሴኮንድ 40 ምት ከተቆጠረ ማራገቢያው በሴኮንድ 20፣ በደቂቃ 1,200 ዙር ይዞራል ማለት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ለማንበብ መሣሪያው ሲነሣ ወደ ባዮስ መግባት ይቻላል። ነገር ግን ባዮስ የሚያሳየው ሥራ በሌለበት ሰዓት ያለውን ሁኔታ ነው። ሥራ ላይ እያለ ለማየት በሊኑክስ “ኤል ኤም ሴንሰርስ”፣ በዊንዶውስ ደግሞ “ኤች ደብሊው ሞኒተር”ን የመሰሉ ፕሮግራሞች አሉ። ሆኖም የሚታየው ቁጥር ሁሉ እውነት አይደለም። 127 ዲግሪ ወይም ከዜሮ በታች የሚያሳይ መሥመር አብዛኛውን ጊዜ ምንም ያልተያያዘበት መለኪያ ነው። የማራገቢያ ዜሮም ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም፤ ብዙ የግራፊክስ ካርዶች ሥራ ሲቀልላቸው ማራገቢያቸውን ራሳቸው ያቆማሉ።

ሦስቱን ቁጥሮች አንድ ላይ

ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው። “ፕሮሰሰሬ 75 ዲግሪ ደረሰ” የሚል ሰው ገና ምንም አልነገረንም። የክፍሉ ሙቀት ስንት ነበር? ማራገቢያውስ በምን ፍጥነት ይዞር ነበር? ለተመሳሳይ ሥራና ለተመሳሳይ የማራገቢያ ፍጥነት በክፍሉና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው ልዩነት ከሞላ ጎደል አይለወጥም። ክፍሉ 24 ሲሆን ፕሮሰሰሩ 64 ከደረሰ ልዩነቱ 40 ነው፤ ክፍሉ 36 ሲሆን 76 መድረሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚህ በመነሣት ሦስት ሁኔታዎችን ለይቶ ማወቅ ይቻላል።

1ኛ. ልዩነቱ እንደ ቀድሞው ሆኖ ፕሮሰሰሩ ከሞቀ ጥፋቱ የክፍሉ ነው። መሣሪያውን ከግድግዳና ከመስኮት ማራቅ ወይም ክፍሉን ማቀዝቀዝ ይበቃል።

2ኛ. ማራገቢያው በቀድሞው ፍጥነት እየዞረ ልዩነቱ ካደገ አየሩ መንገድ ተዘግቶበታል ወይም ቅባቱ ደርቋል። መሣሪያው ጽዳት ይፈልጋል።

3ኛ. ሙቀቱ እየጨመረ ማራገቢያው ካልፈጠነ ወይም ከቀዘቀዘ ችግሩ የራሱ የማራገቢያው፣ የሽቦው ወይም የትእዛዙ ነው።

የእኛ መሣሪያ የትኛው ነበር? ስንለካ ክፍሉ 30፣ ፕሮሰሰሩ 98፣ ማራገቢያው በደቂቃ 640 ዙር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ማራገቢያው መፍጠን ሲገባው አልፈጠነም፤ ሦስተኛው ሁኔታ መሆኑ ነው። ፕሮሰሰሮች እንደ ሥሪታቸው ብዙውን ጊዜ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ ከዚያ ካለፈ መሣሪያው ይጠፋል። ስለዚህ መንቀራፈፉም መጥፋቱም የሞት ምልክት ሳይሆን መከላከያ ነበር። ከፕሮሰሰር ዋጋ ጋር በማይወዳደር ገንዘብ አዲስ ማራገቢያ ገዝተን አስገባን። በዚያው ክፍል፣ በዚያው 30 ዲግሪ፣ ማራገቢያው 1,750 ዙር ሲዞር ፕሮሰሰሩ 71 ላይ ቆመ። የመመረቂያ ሥራውም በቀኑ ተረከበ።

የምንኖርበት አካባቢና አገር ቤት

በዚህ አካባቢ በበጋ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ሸማል የሚባለው የሰሜን ነፋስም ደቃቅ አሸዋ ይዞ በበር ስንጥቅ ይገባል። ስለዚህ በነፋሱ ወራት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ መሣሪያውን ከፍቶ ማየት ተገቢ ነው። ሲጸዳ መሣሪያው ይጠፋ፣ ገመዱም ይነቀል። አቧራው በለስላሳ ብሩሽና በአየር ሲወጣ የማራገቢያው ክንፍ በጣት ይያዝ፤ በአየር ግፊት ከልኩ በላይ ቢሽከረከር ሊበላሽ ይችላልና።

ከአቧራው ሌላ እርጥበቱም አለ። በዕረፍት ቀን ወደ ኒስፍ አልቀመር ስንወርድ፣ ከቀዘቀዘ መኪና እንደ ወጣን መነጽራችን በጤዛ ይሸፈናል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2003 በዳህራን የተመዘገበው የጤዛ ነጥብ 35 ዲግሪ ሲሆን በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነ ይጠቀሳል። በእንዲህ ያለ አየር ከ35 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ዕቃ ሁሉ ውኃ ያዝልበታል። እንግዲህ ቤት ስንቀይር ከቀዝቃዛ ክፍል የወጣን ኮምፒዩተር እንደ ደረስን ማብራት የለብንም፤ ሙቀቱ ከአዲሱ ክፍል ጋር እስኪስተካከልና እስኪደርቅ ጥቂት ሰዓት እንጠብቅ።

መሣሪያቸውን ወደ አገር ቤት ለሚልኩም አንድ ቃል እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት በደማም ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር በክብደት ሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ ልዩነቱ ሊሰፋ ይችላል። ክፍሉ ቀዝቃዛ መሆኑ ይህን ያካክሰዋል፤ ይሁን እንጂ በደማም የተጻፈው ቁጥር አዲስ አበባ ላይ መለኪያ ሊሆን ስለማይችል እዚያ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

ለማጠቃለል፣ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። መሣሪያው ደህና ሳለ፣ አንድ የታወቀ ከባድ ሥራ ለ20 ደቂቃ እናሠራውና ቀኑን፣ የክፍሉን ሙቀት፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና የማራገቢያውን ፍጥነት በወረቀት ጽፈን በመሣሪያው ጎን እንለጥፍ። በየወሩ በዚያው ሥራ ደግመን እንለካ። የጤንነቱን ቁጥር ያልመዘገበ ሰው የሕመሙን ቁጥር ሊረዳው አይችልም። ከመካከላችን ማንም ጠጋኝ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ይህን ወረቀት ይያዝ፤ ወረቀት የሌለውም ዛሬ ማታ ይጀምር።