ሰማያዊዋ ፔሊካን

እ.ኤ.አ. በ1937 ለንደን ውስጥ በስድስት ፔኒ አሥር ፍሬ ሲጋራ ይገዛ ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በዚሁ ገንዘብ ስለ ኢኮኖሚ፣ ስለ ሕዋ ወይም ስለ ጥንታዊ ከተሞች ቁፋሮ፣ በዘርፉ አንቱ የተባለ ምሁር የጻፈውን መጽሐፍ ኪስ ውስጥ ከትቶ መሄድ ተቻለ። መጽሐፎቹ ሰማያዊ ሽፋን ለብሰው ፔሊካን በሚል ስም ይወጡ ነበር።

አሳታሚው አለን ሌን ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በፔንግዊን ስም በለሆሳስ ሳይሆን በድፍረት ገበያ ገብቷል። ጥሩ ጥሩ ልቦለዶችን በስስ ሽፋን፣ በስድስት ፔኒ አወጣ። የሙያ ባልደረቦቹ ይከስራል አሉ፤ እንዲህ ያለ ዋጋ የሚያዋጣው መጽሐፉ በአሥር ሺዎች ሲሸጥ ብቻ ነበርና ስጋታቸው መሠረት ነበረው። መጻሕፍት ቤቶች ሲያቅማሙ ከመርፌ እስከ ሳህን ርካሽ ዕቃ የሚቸረችረው ዉልዎርዝ ከ60 ሺህ ቅጂ በላይ አዘዘና ነገሩ ተለወጠ። ገንዘብ ስላልነበረ መጋዘኑ ሜሪለቦን መንገድ ላይ ባለ ቤተ ክርስቲያን ሥር የሚገኝ የመቃብር ምድር ቤት ነበር። የመጽሐፍ እሽጎች ከመንገድ ወደ ታች የሚወርዱት ከመዝናኛ ሥፍራ በመጣ ሸርተቴ ላይ እየተንሸራተቱ ነው።

ፔሊካን የተወለደችው ከአንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ በርናርድ ሾው ስለ ደቡብ ዋልታ ጉዞ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ በፔንግዊን እንዲታተም ለሌን ሐሳብ ላከለት። ሌን ግን የፈለገው የራሱን የሾውን ሥራ፣ ሶሻሊዝምንና ካፒታሊዝምን ለአስተዋይ ሴት የሚያስረዳውን መጽሐፍ ነበር። ሾው እሺ ብሎ ስለ ሶቪየት ሥርዓትና ስለ ፋሺዝም አዳዲስ ምዕራፎች ጨመረበት፤ መጽሐፉም በሁለት ቅጽ የአዲሱ ተከታታይ በኩር ሆነ። ስለ ስያሜው የሚነገረው ደግሞ ሌን ኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ አንዲት ሴት ፔንግዊን ለማለት ፈልጋ “ፔሊካን” ስትጠይቅ ሰማ፣ ተፎካካሪ ሳይቀድመው ስሙን ያዘው የሚል ነው።

ለምርጫው ሌን ሰው አሰባሰበ። የህንድ ነፃነት ታጋዩ ክሪሽና ሜነን በመጀመሪያዎቹ አዘጋጆች መካከል ነበር (ከሌን ጋር ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉ፤ ኋላ የህንድ መከላከያ ሚኒስትር ሆኗል)። የታሪክ መምህሩ ቢልስና በጎልማሶች ትምህርት ውስጥ የኖረው ዊሊያምስም ነበሩበት። እነዚህ ሰዎች ቀን ሠርቶ ማታ የሚማረውን አንባቢ ያውቁታል። ዩኒቨርሲቲ መግባት ለጥቂቶች ብቻ በነበረበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለእኔ የፔሊካን ትልቁ ሥራ ዋጋ ማርከስዋ አይደለም። ቀድሞ የወጣን መጽሐፍ በርካሽ ደግሞ ማተም ማንም ይችላል። እሷ ግን የኦክስፎርዱን ኢኮኖሚስት ኮልን ዓይነት ምሁር ጠርታ ለዚህ አንባቢ ብሎ አዲስ መጽሐፍ እንዲጽፍ አደረገች። ምሁሩ ለባልደረቦቹ የጻፈውን ሌላ ሰው አቅጥኖ አላቀረበውም፤ ራሱ ቁጭ ብሎ ጻፈ።

ጎርደን ቻይልድን እንውሰድ። አውስትራሊያ ተወልዶ ኤዲንብራ ያስተምር የነበረ አርኪዮሎጂስት ነው። በታሪክ ምን እንደተፈጸመ የሚተርከው መጽሐፉ በፔሊካን የወጣው በ1942፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት ነበር። ከአዳኞች ዘመን ተነሥቶ በእርሻ መጀመር፣ በሜሶፖታሚያና በግብፅ ከተሞች በኩል አድርጎ እስከ ሮም መውደቅ ይዘልቃል። ነገሥታቱ ጎልተው አይታዩም፤ የሚጎሉት ማረሻ፣ መዳብ፣ መንኮራኩር፣ ከተረፈው እህል ቀለቡ የሚሰፈርለት አንጥረኛ ናቸው። የቻይልድ ሐሳብ፣ ሥልጣኔዎች ቢወድቁም የተገኘው ዕውቀት ሁሉ አብሮ አይቀበርም የሚል ነው፤ ቦምብ በሚወርድበት ከተማ ለሚያነብ ሰው ይህ ተራ ወሬ አልነበረም።

በነገራችን ላይ ጦርነቱ ለፔንግዊን ቤት መጥፎ አልሆነም። ወረቀት ሲመጠን ኮታው የተሰላው ከጦርነቱ በፊት በተጠቀሙበት መጠን ስለነበር፣ ብዙ ሲያትም የቆየ ብዙ አገኘ። የመጽሐፉም መጠን ለወታደር ኪስ የተመቸ ነበር።

ሁሉም ፔሊካን ሚዛናዊ ነበር ማለት ግን አይደለም። በ1951 የወጣው የኪቶ መጽሐፍ ስለ ጥንታዊ ግሪኮች በፍቅር የተጻፈ ነው፤ የአቴና ሴቶች ተጨቁነው ነበር የሚለውን የብዙኃን ምሁራን አስተያየት ገጽ በገጽ ይሞግታል። በክርክሩ አላሳመነኝም። ሆኖም ተራ አንባቢ ምሁራን ሲከራከሩ የማየት ዕድል አግኝቶበታል፤ ደረቅ መደምደሚያ ብቻ ከማቅረብ ይህ ይሻላል።

ተከታታዩ ከጊዜ በኋላ ቆመ። ያኔ ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ አሜሪካ ውስጥ ስሙ በሌላ አሳታሚ መያዙ ነበር። በ2014 እንደገና ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ መካከል የሃ ጁን ቻንግ የኢኮኖሚክስ መመሪያና የሮቢን ደንባር ስለ ሰው ልጅ አዝጋሚ ለውጥ የሚያወሳ መጽሐፍ ነበሩ።

ከድሮዎቹ አንድ ልሞክር ለሚል ሰው ቻይልድን እጠቁማለሁ። የጻፈው በራዲዮካርበን ዕድሜ መለካት ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ የጥንታዊት አውሮፓ የዘመን ቁጥሮቹ በኋላ ተሽረዋል። እነሱን እያለፉ ስለ ከተሞች አመሠራረት የጻፋቸውን ምዕራፎች ረጋ ብሎ ማንበብ ነው።