ስለ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ፤ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚጐበኝ

ፍል ውሃ ማለት ሰው እሳት ሳያነድድበት ከምድር ሆድ ሞቆ ወይም ፈልቶ የሚወጣ ምንጭ ነው። በኢትዮጵያ ምድር እንዲህ ያለ ውሃ በብዙ ቦታ ይገኛል። አዲስ አበባ ራስዋ በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው፥ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ እየወረዱ ይታጠቡበት በነበረው ፍል ውሃ አጠገብ ነው። ወሊሶ፥ ሶደሬ፥ በጎንደር ወገንም ዋንዛዬ በዚሁ የታወቁ ናቸው። ከነዚህ መካከል ከተራራ ደን ሥር የሚፈልቀው የወንዶ ገነት ፍል ውሃ ለትምህርት እጅግ የሚስማማ ነው፤ ምንጩንና የምንጩን እናት፥ ማለት ደኑን፥ በአንድ ቦታ አጣምሮ ያሳያልና።

ልጅ ፍል ውሃን መጀመሪያ ባየ ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ «እሳቱን ከታች ማን አነደደው? ውሃውስ ስለ ምን አያልቅም?» ይላል። መምህርም ሆነ ሽማግሌ ይህን ጥያቄ በዝምታ ሊያልፈው አይገባም። መልሱን ያላወቀ ሰው በውሃው ይቃጠላል፥ የማይጠጣውን ይጠጣል፥ ምንጩን የሚመግበውንም ደን ይቈርጣል።

ስለ ቦታው

ወንዶ ገነት በሲዳማ ክልል፥ ከሻሸመኔ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፥ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ነው። መንገደኛው ከሜዳው ሲነሣ የሸንኮራ አገዳ፥ የእንሰት፥ የቡናና የጫት ማሳ ያያል፤ ወደ ተራራው በቀረበ ቍጥርም ዝግባው፥ ዋንዛው፥ ቀረሮውና ብሳናው ይቀበሉታል። ጕሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘልላል፤ ጦጣና ዝንጀሮም ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው መንገደኛውን ይመለከታሉ። ከዚያም በዐለትና በሣር መካከል እንፋሎት ሲጨስ ይታያል፤ ይህ የፍል ውሃው መውጫ ነው። የአገሩ ሰዎች ከምንጩ አፍ በቆሎና ድንች ይቀቅሉበታል፤ ውሃው እየወረደ ሲበርድ ደግሞ ገላቸውን ይታጠቡበታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚህ ስፍራ የማረፊያ ቤት ነበራቸው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1978 ደግሞ የደን ትምህርት የሚሰጥበት ተቋም በዚያው በወንዶ ገነት ተመሥርቷል።

ስለ ሙቀቱ

ምድር ከላይዋ ብትቀዘቅዝም ውስጥዋ ሞቃት ነው። ሰው ወደ ታች እየቈፈረ 1000 ሜትር በጠለቀ ቍጥር ሙቀቱ በብዙ አገር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግራድ ይጨምራል። በስምጥ ሸለቆ ግን ከዚህ ይበልጣል። ምክንያቱም የምድር ቅርፊት በዚህ ወገን እየተሳሳበ ስለሚሰነጠቅና ስለሚሳሳ፥ የቀለጠው ዐለት ወደ ላይ ቀርቦ ይገኛል። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል በአሉቶ ተራራ ከ2000 ሜትር በላይ የጠለቁ ጕድጓዶች ተቈፍረው ከ300 ዲግሪ የበለጠ ሙቀት ተለክቶባቸዋል፤ በዚሁ እንፋሎት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያወጣ ጣቢያም በ1990 ዓ.ም. ተሠርቷል። እንግዲህ ከታች እንጨት የሚያነድድ ማንም የለም፤ ውሃው የሚሞቀው ትኩስ ምጣድ ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ በጋለው ዐለት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪ ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ውሃ በባሕር ዳር በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ ሰው 300 ሜትር ወደ ላይ በወጣ ቍጥር የመፍላቱ ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በወንዶ ገነት ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው።

ስለ ውሃው

ሙቀቱ ከምድር ነው፤ ውሃው ግን ከሰማይ የወረደ ዝናብ ነው። በተራራው ራስ የዘነበው ዝናብ ከፊሉ በወንዝ ይሄዳል፥ ከፊሉ ወደ እንፋሎት ይመለሳል፥ ከፊሉም በአፈርና በዐለት ስንጥቅ ወደ ጥልቅ ይሰርጋል። በዚያ ሞቆ ሲቀል በሌላ ስንጥቅ ወደ ላይ ይመለሳል። ይህ ጕዞ ብዙ ዓመታትን፥ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጃል። ዛሬ አንድ ልጅ እጁን የሚታጠብበት ውሃ ምናልባት በቅድመ አያቱ ዘመን የዘነበ ይሆናል።

ዝናቡ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ የሚያደርገው ደኑ ነው። ቅጠሉ የዝናቡን ጕልበት ይሰብራል፤ የረገፈው ቅጠል ውሃውን ይዞ ያቈየዋል፤ ሥሩም ለውሃው መንገድ ይከፍትለታል። ደኑ በተመነጠረ ጊዜ ግን ዝናቡ አፈሩን ይዞ በጐርፍ ይወርዳል እንጂ አይሰርግም። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1972 በደቡብ ማዕከላዊ ስምጥ ሸለቆ ከመሬቱ 16 ከመቶ የሚሆነው በተፈጥሮ ደን የተሸፈነ እንደ ነበረ፥ በ2000 ግን 2.8 ከመቶ ብቻ እንደ ቀረ ከሰማይ በተነሣ ሥዕል ተመርምሮ ታውቋል። የጥልቅ ውሃ ጕዞ ረጅም ስለ ሆነ የዛሬ ምንጣሮ ጕዳቱ ዛሬ ላይታይ ይችላል፤ ሥራውን የሠራው ሰው ካለፈ በኋላ ዕዳውን የሚከፍለው ልጁ ነው።

ስለ ጥቅሙና ስለ ጕዳቱ

ፍል ውሃ የደከመን ሥጋ ያፍታታል፥ የመገጣጠሚያ ቍርጥማትንም ለጊዜው ያስታግሣል፤ አባቶች ይህን አይተው መስክረዋል፥ ሐኪሞችም አልካዱትም። ነገር ግን የሳንባ ነቀርሳን፥ ወባንና የስኳር በሽታን አያድንም። በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት ጥሎ ወደ ፍል ውሃ የሄደ በሽተኛ ራሱን ይጐዳል፤ ሁለቱን አስተባብሮ ቢይዝ ግን ከመታጠቡም ዕረፍት ያገኛል፥ ከመድኃኒቱም ፈውስ አያጣም።

የሞቀ ውሃ በዐለት ውስጥ ሲያልፍ ልዩ ልዩ ማዕድን አሟሙቶ ይወጣል። ከዚህ አንዱ ፍሎራይድ የሚባለው ነው። ጥቂቱ ለጥርስ ይጠቅማል፤ በ1 ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም ሲበልጥ ግን የሚያድገውን ልጅ ጥርስ ያበላሻል፥ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ያጣምማል። በስምጥ ሸለቆ በብዙ መንደር የሚታየው ቡናማ ጥርስ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ የቤተ ሰብ እርግማን ወይም የጽዳት ጕድለት አይደለም። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወግደውም። ስለዚህ በሐኪም ቤት ወይም በውሃ ሥራ ባለሙያ ሳይመረመር የፍል ውሃ ምንጭ ለልጆች የዘወትር መጠጥ ሊሆን አይገባውም።

ስለ ጕብኝቱ ሥርዓት

ተማሪዎችን ይዞ የሚሄድ መምህር እነዚህን ነገሮች ይጠብቅ።

1ኛ፤ አስቀድሞ የቦታውን ጠባቂዎችና የመንደሩን ሽማግሎች ያስፈቅድ፤ መንገዱንና የሚያቃጥለውን ስፍራ የሚያውቅ መሪም ይጠይቃቸው።

2ኛ፤ ልጆች ሁሉ ጫማ ይጫሙ፥ ከመንገዱም አይውጡ። በፍል ውሃ ዳር ያለው መሬት ከላይ ደርቆ ከታች የፈላ ጭቃ ሊሆን ይችላል።

3ኛ፤ ማንም ልጅ ወደ ምንጩ አፍ አይቅረብ። 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ሥጋን አጥልቆ ያቃጥላል፤ የምንጩም አፍ ከዚህ እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ቢቃጠል ቍስሉን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ማብረድና ወደ ሐኪም ማድረስ ነው እንጂ ቅቤ ወይም እበት መቀባት አይገባም።

4ኛ፤ መታጠብ የሚፈቀደው ውሃው በርዶ ከ40 ዲግሪ በማይበልጥበት ቦታ ነው፤ ይህም በቴርሞሜትር ይለካ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ነፍሰ ጡር ሴት፥ የልብና የደም ግፊት ሕመምተኛ ሐኪም ሳይጠይቁ አይግቡ።

5ኛ፤ ራስን ማጥለቅና ውሃን በአፍንጫ መሳብ ክልክል ነው። በሞቀ ውሃ ውስጥ የሚኖር፥ በአፍንጫ ገብቶ አንጐልን የሚያጠፋ ረቂቅ ሕይወት አለ፤ የሚይዘው እጅግ ጥቂት ሰው ቢሆንም የያዘውን ብዙ ጊዜ ይገድላል።

6ኛ፤ ሳሙና፥ ጨርቅና ቍራሽ በውሃው አይጣል፤ ቅርንጫፍ አይሰበር፤ ለጦጣና ለዝንጀሮም ምግብ አይሰጥ፤ የለመደ ዝንጀሮ ነጣቂ ይሆናልና።

በትምህርት ቤት ስለሚደረገው ፈተና

ወደ ወንዶ ገነት ለመሄድ መንገዱ የራቀበት ትምህርት ቤትም ዋናውን ነገር በግቢው ሊያሳይ ይችላል። መምህሩ በአንድ ተዳፋት ላይ ሁለት እኩል መደብ ያበጅ፤ አንዱን ባዶ አፈር ይተወው፥ ሁለተኛውን በረገፈ ቅጠልና በሣር ይሸፍነው። ከየመደቡ ግርጌ ጣሳ ያኑር፤ ከዚያም በሁለቱ ላይ እኩል ውሃ በቀስታ ያፍስስ። ከባዶው መደብ የወረደው ውሃ ፈጥኖና ደፍርሶ ጣሳውን ይሞላል፤ ከተሸፈነው የሚወርደው ግን ጥቂትና የጠራ ይሆናል፥ የቀረው ሰርጓልና። ተማሪዎች በሁለቱ ጣሳ ያለውን ለክተው በደብተራቸው ይጻፉ።

ከዚህ በኋላ ያው የመጀመሪያው ጥያቄ ለተማሪዎቹ ይመለስላቸው። አንድ ልጅ ተነሥቶ «እሳቱ የምድር ነው፥ አይጠፋም፤ ውሃው ግን የዝናብና የደን ነው፥ ካልጠበቅነው ያልቃል» ብሎ ከመለሰ ትምህርቱን አውቆታል። በቤቱም አባቱ መጥረቢያ ሲያነሣ ይህንኑ ቃል ቢነግረው፥ ሽማግሎቹ ልጁን ደፋር ነው ብለው አይገሥጹት፤ የሚናገረው ገና ላልተወለደው ልጅ ውሃ ነውና።