ከሞጆ እስከ ሻላ፤ በሐይቆች ዳር የሚያልፈው መንገድ

ቀድሞ በኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ምፅዋ ወይም ወደ ዓሰብ ይወርድ ነበር። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሀገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ በውሃ ዳር እየተጓዘ አገር ለማየት ለሚመኝ ተማሪ የሚስማማው ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወርደው ነባሩ መንገድ ነው። ከጊዳ አያና የሚነሣ ሰው በነቀምቴ በኩል አስቀድሞ አዲስ አበባ መድረስ ይኖርበታል፤ ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ያለው ብቻ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ስንቅ መያዝ አይከፋም።

እኛ የምናውቀው ውሃ የሚሄድ ውሃ ነው። አንገር ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳም ወደ ዓባይ ገብቶ ከአገር ይወጣል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው፤ ይኸውም አብዛኛው የትም ሳይሄድ እዚያው ቀርቶ በፀሐይ ይተናል። መንገዱን በማስተዋል ለሚያይ ሰው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

ከሞጆ እንደ ወጡ የሚታየው የቆቃ ውሃ በአዋሽ ላይ በተሠራውና በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው ግድብ የተጠራቀመ ስለሆነ የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ሐይቅ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ዝዋይ፣ በሌላ ስሙ ደንበል ነው። ከምዕራብ የመቂ፣ ከምሥራቅ የቀታር ወንዞች ይገቡበታል። በደሴቶቹ ላይ የዛይ ሕዝብ ይኖራል። ከሁሉ በሚበልጠው በቱሉ ጉዶ ደሴት ደብረ ጽዮን ገዳም አለ፤ በዮዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽቶ በዚያ ቆይቷል ተብሎ በትውፊት ይነገራል። በሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲያራግፉ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ድርሻቸውን ይጠባበቃሉ።

ከዝዋይ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ ሜዳውን ሲያይ ደረቅ መሬት ላይ የሚጓዝ ይመስለዋል። ነገር ግን ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዝናብ በበዛበት ዘመን፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። የዚያ ሐይቅ ገጽ ከዛሬው የሻላ ገጽ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ሞልቶ የሚተርፈው ውሃ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የንጹሕ ውሃ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ዛሬ በደረቁ አፈር ውስጥ የሚገኘው ስለዚህ ነው። ዝናቡ ሲያንስ ሐይቁ ጐደለ፤ አራቱም ተለያዩ።

ላንጋኖ ቡናማ ነው። ይህም እድፍ ሳይሆን ወደ ታች የማይዘቅጥ ረቂቅ ደለል ነው።

አቢጃታና ሻላ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በሰመጠ ጐድጓዳ ሥፍራ የተኛ ሲሆን ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ በዳሩም ፍል ውሃ ይፈልቃል። አቢጃታ ግን ጥልቀት የለውም። ከዝዋይ በቡልቡላ፣ ከላንጋኖ በሆራ ቀሎ ወንዝ ውሃ ይቀበላል፤ መውጫ ስለሌለው የገባው ጨው ሁሉ በውስጡ ይቀራል። በዝዋይ ዙሪያ ለመስኖ ውሃ ሲቀዳ የቡልቡላ ፈሳሽ ቀነሰ፤ ሶዳ አመድ ለማውጣትም ከራሱ ከሐይቁ ለዓመታት ውሃ ተስቧል። በዚህ ምክንያት አቢጃታ ከቀድሞ ስፋቱ እጅግ ብዙ አጥቷል። እርግጥ ነው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማውም ገበሬ ልጆች አሉት፤ ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ጉዳቱ በወፎቹ ላይ በግልጽ ታይቷል። ከመንቁሩ ሥር ከረጢት ያለው ፔሊካን የተባለው ትልቅ ወፍ በሻላ ደሴት ይፈለፍላል፤ ምግቡን የሚያጠምደው ግን በአቢጃታ ነበር። የአቢጃታ ጨው ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ ስለዚህ ፔሊካኖቹ ለጫጩቶቻቸው ቀለብ ፍለጋ ወደ ሌሎች ሐይቆች ርቀው መብረር ግድ ሆነባቸው። ፍላሚንጎዎች ግን የሚመገቡት በጨዋማ ውሃ የሚበቅለውን ረቂቅ አረንጓዴ ነገር ስለሆነ አሁንም በዳሩ ይታያሉ።

በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ካለው ኮረብታ ላይ ሁለቱን ሐይቆች በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል። ወደ አቢጃታ ውሃ ለመቅረብ የሚፈልግ ግን ከቀድሞው ዳር እስከ ዛሬው ዳር በነጩ መሬት ላይ በእግሩ ይሂድ፤ መሬቱ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከሥሩ ጭቃ ስለሆነ መኪና ይይዛል።