ማለዳ አጥር ላይ የሚሰጣ ጋቢ

ዋግ ኽምራ ውስጥ፣ ጽጽቃም ይሁን ሰቆጣ፣ አጥር ላይ የተሰጣ ጋቢን አንድ ቀን ማንም ልብ አይለውም። በየማለዳው ሲደገም ግን ጎረቤት «ምነው?» ይላል። ይህን በመፍራት፣ ማታ ማታ ሽንት የሚያመልጣቸው ብዙ አዋቂዎች ልብሳቸውን ጓዳ ውስጥ ያደርቃሉ። ጓዳ ውስጥ ደግሞ አይደርቅም፤ ይሻግታል፣ ይሸታል።

«አዋቂ ሰው አልጋ ላይ የሚሸናው ከስካር ወይም ከስንፍና ነው» ይባላል። ጠላና አረቄ እንቅልፍ ያከብዳሉ፣ ሽንትም ያበዛሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን መጠጥ ቀምሰው የማያውቁ ሰዎችም ይቸገራሉ። የስኳር በሽታ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ ስትሮክ፣ በሽማግሌዎች ላይ የሚታየው የፕሮስቴት እጢ ማበጥ፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጭምር ሰበብ ይሆናሉ። በተለይ ለዓመታት ደህና ተኝቶ አሁን የጀመረው ሰው መመርመር አለበት።

«ውሃ ካልጠጣ አይሸናም» የሚለው ምክር ውሃ ከሩቅ በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ቶሎ ተቀባይነት ያገኛል። ጉዳቱ ግን ይብሳል። የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ የውሃ ጥም ሆድ ያደርቃል፣ የደረቀ ሆድም ፊኛን ይጫናል። ቀን እንደ ልብ መጠጣት፣ ከመኝታ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል መቀነስ፣ የማታ ቡናን መተው ይሻላል። መጸዳጃው ሩቅ ለሆነበት ሽማግሌ አልጋው አጠገብ ፖፖ ማስቀመጥ ነውር የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አልጋው ላይ ነው። «ላስቲክ ካነጠፉ በቃ» ይላሉ። ላስቲክ ፍራሹን ያድናል፤ ሽንቱን ግን አይመጥም፣ ገላ ሲነካው ያልባል፣ ቆዳ ያቆስላል። ስለዚህ ወፍራሙ ላስቲክ ፍራሹን ሸፍኖ ጫፉ በሁለቱም ጎን ከሥሩ ይታጠፍ። በላዩ አሮጌ ጋቢ አራት ታጥፎ ከወገብ እስከ ጉልበት ይነጠፍ፤ ከዚያ አንሶላው። ሌሊት የረጠበው አንሶላና ጋቢ ብቻ ይነሳል፣ አጠገብ የተዘጋጀው ደረቅ ይተካል። ውሃ ለሚቸግረው ቤት ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ብርድ ልብሱና ፍራሹ አይታጠቡም። ጠፍር አልጋም ሲርስ ስለሚላላ፣ ሲደርቅ ደግሞ ጠረኑን ስለሚይዝ ይኸው ሽፋን ያስፈልገዋል።

ሽታን በበረኪና ማጥፋት? በሽንት በራሰ ልብስ ላይ በረኪና ማፍሰስ ደረት የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። ቶሎ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ፣ በሳሙና ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃል። ፍራሹ ከራሰ በደረቅ ጨርቅ ተጭኖ ይመጠጥ፣ በጎኑ ቆሞ ፀሐይና ነፋስ ይግባው።

አንድ ነገር ግን ለብቻው መነገር አለበት። ምጥ ለቀናት ቆይቶባት፣ ከዚያ ወዲህ ቀንም ሌሊትም ሽንት የሚፈሳት እናት «እርግማን ነው» ትባላለች። ፊስቱላ የሚባል የምጥ ጉዳት ነው። ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ውስጥ ከተከፈተ ወዲህ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶችን አክሟል፤ የባሕር ዳር ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ጀመረ። እንዲህ ያለች እናት የምታውቁ ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሰቆጣ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይዛችኋት ሂዱ፤ ከዚያ ወደ ፊስቱላ ማዕከል እንዲልኳት ጠይቁ። የሐምሊን ሕክምና በነጻ ነው።