የዘገየ ጉዞ፦ የወለቃ አረጋውያንና የኢየሩሳሌም መንገድ



ከጎንደር ወደ ደባርቅ የተጓዘ ሁሉ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ወጣ ወለቃን ያልፋል። መኪናው ቆም ካለ ትናንሽ የሸክላ ምስሎች ይቀርቡለታል፤ የይሁዳ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ሙያው የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበር። እነርሱ ሄደዋል፤ ዛሬ ጭቃውን የሚያቦኩት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። («ፈላሻ» የሚለውን ስም ባለቤቶቹ ስለማይወዱት እኔም አልጠቀምበትም።)

በእርጅና ዘመን ስለሚፈጸም፣ ለረጅም ጊዜ ስለ ዘገየ ጉዞ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበን አንድ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ በወጣትነቱ ያላየውን አገር ሊያይ የሚነሣ። ምኞቱም፣ ውሳኔውም፣ አደጋውም የራሱ ነው። የወለቃና የአካባቢዋ አረጋውያን ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ምኞቱን የወረሱት ከአያቶቻቸው ነው፤ መንገዱን የጀመሩት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ነው። ታሪኩን የነገሩን ደግሞ ሌሎች ናቸው። ዛሬ በዋናነት ላነሣው የምፈልገው ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ነው።

አስቀድሞ ግን፣ አንድ ማኅበረሰብ ያልፈጸመውን ምኞት ሳይረሳ እንዴት ያቆየዋል? መልሱ ስግድ በተባለው በዓል ውስጥ ይገኛል። ከማስተስረያ ቀን ሃምሳ ቀን በኋላ ሕዝቡ ጾሞ፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ ከዕዝራና ከነህምያ ይነበባል፤ ወደ ኢየሩሳሌም ይሰገዳል። ማታ ግን ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል። በየዓመቱ ጉዞው ይታሰባል፣ በየዓመቱም ይዘገያል። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው ይህን መውጣትና መውረድ ስንት ጊዜ እንዳደረገው አስቡት።

መዘግየቱ ግን ከስንፍና የመጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1862፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ የውጭ ሚሲዮናውያን ስብከት ማኅበረሰቡን ባስጨነቀበት ወቅት፣ አባ ማሕሪ የተባሉ መነኩሴ ጊዜው ደርሷል ብለው ብዙ ሕዝብ አስከትለው ተነሡ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ያምኑ ነበር። ትግራይ ደረሱ፤ ከዚያ ግን አላለፉም። ረኃብና በሽታ ብዙዎችን ፈጀ፤ ከተረፉት ከፊሉ እዚያው ቀረ፣ ከፊሉ ተመለሰ። በእኔ ንባብ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት መንገዱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያወቁ ሰዎች ትዕግሥት ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1973 ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ የቤተ እስራኤልን አይሁዳዊነት አጸደቁ፤ በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕጉ እንደሚመለከታቸው ተቀበለ። ደርግ ግን መውጣትን ከልክሎ ነበር። የቀረው መንገድ ወደ ሱዳን በእግር፣ በሌሊት፣ በድብቅ መሄድ ነበር። ከጎንደር አካባቢ እጅግ ብዙ ሰው የወጣው በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ መልክዓ ምድሩን ልብ በሉ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብሎ የኖረ ሰው ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ ሰውነቱ የማያውቀውን ወባ ያገኛል። ውኃ የለም፤ ሽፍታ አለ። በአንዳንድ ምስክርነቶች እንደምንሰማው ሰንበት ሲገባ ጉዞው ይቆም ነበር፤ አደጋ ባለበት ስፍራ አንድ ቀን ሙሉ መቀመጥ ማለት ነው። አረጋዊ የያዘ ቤተሰብ ይዘገያል፤ ቄሱንና ሽማግሌውን ትቶ የሄደ ቤተሰብ ደግሞ ለምን እንደሚሄድ የሚነግረው አይኖርም። ይህን ምርጫ ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ አልፈርድም።

ከሁሉ የከፋው መንገዱ አልነበረም፤ በሱዳን የነበረው ጥበቃ ነበር። በኡም ራኩባና በሌሎች መጠለያዎች ሕፃናትና አረጋውያን ቀድመው ረገፉ። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የአየር ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ተወሰዱ፤ ዜናው ሲወጣ በረራው ተቋረጠ። ዘመቻው «ሙሴ» ተባለ። ስሙን ያወጡት ሰዎች አስበውበት እንደሆነ እንጃ፤ በኦሪት ሙሴ ምድሪቱን ከተራራ ላይ አይቶ ያልገባባት ሰው ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ ተጓጓዙ፤ በዚያ ጊዜ አረጋውያኑ በረሃውን አላቋረጡም።

የደረሱትስ? ያሰቡትን አገር አገኙ፤ የነበራቸውን ቦታ ግን አጡ። በጎንደር ዳኛም፣ አስታራቂም፣ መካሪም የነበረ ሽማግሌ እዚያ ደብዳቤውን የልጅ ልጁ ታነብለታለች። የቄሶቹ ጋብቻ የማስፈጸም ሥልጣን በረቢዎች ተቋም ዘንድ ሙሉ ዕውቅና አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1985 ማኅበረሰቡ ሥርዓተ ጥምቀት መሰል የማጥለቅ ግዴታን ተቃውሞ በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጣ። ስግድ ብሔራዊ በዓል የሆነው በ2008 ነው፤ አሁን ኢየሩሳሌም ውስጥ ሆነው ኢየሩሳሌምን እያዩ ያከብሩታል። ዕድሜውን ሙሉ ከሩቅ የሰገደ ሰው በዚያ ቀን ምን እንደሚሰማው ማወቅ እፈልጋለሁ።

የምሥራዬም ነጥብ ይኸው ነው፤ አናውቀውም። ስለ ጉዞው ከተጻፉት ጥናቶች ታዋቂው የጋዲ ቤን-ኤዘር ሥራ የተመሠረተው በልጅነትና በወጣትነት በተጓዙ ሰዎች ትረካ ላይ ነው። በእነዚህ ትረካዎች አያት በበቅሎ ላይ የተቀመጠ፣ ወይም ከአንድ ዛፍ ሥር የተቀበረ ሰው ነው። ለወጣቱ ጉዞው የሕይወት መጀመሪያ ነው። ለአረጋዊው ምን ነበር? ያዘገየውን ማድረስ? ወይስ ልጆቹን ማድረስ ብቻ? ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ምንጮቻችን ግን ሊለዩልን አይችሉም።

በወለቃና በዙሪያዋ ያሉ፣ ጎረቤቶቻቸው ማለዳ ጠፍተው ያገኙ፣ በሩ ተዘግቶ ምድጃው ገና ያልበረደበትን ቤት ያዩ ሰዎች አሁን እነርሱም አርጅተዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን የምትሉ ተማሪዎች ድምፅ መቅጃችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ መንገዱ ከዚህ አዳራሽ የአንድ ጠዋት እግር ጉዞ ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።